ሩዝ ላይ የተረጨ ፀረ አረም ጓያውን ይነካል?

የወረታው
ሰላም የፎገራ ሰዎች። ሐምሌ ላይ ሩዜን ለቅጠለ ሰፊ አረሙ ቱ ፎር ዲ ረጨሁት፣ ከዚያ ደግሞ ለሣር አረሙ ብሎ ባለሱቁ የሰጠኝን ሌላ መድኃኒት። ሩዙ ምንም አልሆነ፣ ዘለላው አጎንብሷል። እንደ ወትሮው ሳይታጨድ ጓያ ልበትንበት ነው፤ ጉማራ ወንዝ ዳር ያለችዋን አንድ ቃዳ መሬት ግን አጭጄ ቲማቲም አስቤባታለሁ። አምና የጎረቤቴ ጓያ ቅጠሉ ተጠማዝዞ ቀጭጮ ቀረ። ኬሚካሉ ነው የሚል አለ፣ ውሃው ነው የሚልም አለ። የቱ ነው?

ዘመድ ከአዲስ ዘመን
ቱ ፎር ዲውን ተወው። እርጥብና ሞቃት አፈር ላይ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል፣ ጥቅምት አይደርስም። እሱ የሚያስቸግረው በሚረጭበት ሰዓት ነው፤ ሩዙ ገና ጨቅላ ሳለ ወይም ካረገዘ በኋላ ከረጨኸው ራሱን ሩዙን ይጎዳዋል፣ ነፋስ ካለ ደግሞ የሰው ቲማቲምና ሽንብራ ላይ ሄዶ ያርፋል። እኔን ያሳሰበኝ ሁለተኛው ነው። የንግድ ስሙን ሳይሆን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብብልን።

የወረታው
በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የተጻፈው። የእህቴ ልጅ "ኩዊንክሎራክ" ይላል አለችኝ።

ባለሙያው
እንግዲያማ ቲማቲሟን እርሳት! እሱ እንደ ቱ ፎር ዲ ቶሎ አይጠፋም፣ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል፣ ቲማቲም ደግሞ በጣም ትንሿ ቅሪት ትበቃዋለች። አሜሪካ ውስጥ በሚሸጠው ላይ ለምስርና ለአተር 24 ወር ጠብቁ ይላል፤ ጓያም የእነሱ ዘመድ ነውና አልተማመንበትም።

ከመበተንህ በፊት ሞክረው። ከማሳው ከአራት አምስት ቦታ የላዩን አፈር ውሰድ፣ መድኃኒት ካልደረሰው ድንበርም ለብቻው። በተቆረጡ ጀሪካኖች ሞልተህ ሁለቱም ላይ ጓያ ዝራ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ውሃ እያጠጣህ እይ። የድንበሩ ቀጥ ብሎ አድጎ የማሳው ከተጠማዘዘ መልሱን አገኘህ። ጀሪካኑ ግን የኬሚካል የነበረ እንዳይሆን።

ጉማራ ዳር
የጎረቤትህን ነገር ማሳውን ዞሮ ማየት ነበር የሚሻለው። ዋልካ ላይ ውሃ ሲተኛ ረባዳው ብቻ ይቢጫል። ኬሚካል ሲሆን መስመር ሠርቶ ታየዋለህ፣ በተለይ ረጪው ዞሮ በሚመለስበት ጫፍና ሁለቴ በተረጨበት። ስለ መርጫውም ጠይቀው፤ ቱ ፎር ዲ የነበረበትን በሳሙና ደጋግሞ ሳያጥብ ጓያው ላይ ሌላ ነገር ከረጨበት ቅጠሉ ያው ይጠማዘዛል። ባለሱቆቹስ "ለሣር" ብለው ሲያነሱ ቀጥሎ ምን ትዘራለህ ብለው ይጠይቃሉ እንዴ? እኔን አንድም ቀን የጠየቀኝ የለም።

የወረታው
ጀሪካን ዛሬውኑ እቆርጣለሁ። ቃዳዋን ግን ባዶ ላሳድራት?

ባለሙያው
ምን በወጣህ፣ ውሃው አጠገብህ ነው። የመስኖ ስንዴ አድርጋት፤ ስንዴ ይህን መድኃኒት ይችለዋል።