የልጄን ምራቅ ለባህርይ ጥናት ልስጥ?

ጠያቂ፦ የልጅ እናት
ጤና ይስጥልኝ። የ9 ዓመት ልጄ ቁጡ ነው፤ ጓደኞቹን ይማታል። በዘረ መልና በቁጡነት መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያጠና ቡድን ምራቁን በብልቃጥ እንድሰጥ ጠይቆኛል። ቅጹ ላይ ግን «ናሙናው ወደፊት ለሌሎች ጥናቶችም ሊውል ይችላል» ይላል። ይህች መስመር እንቅልፍ ነሥታኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ታደለ
ፈርሚ እህቴ። ምራቅ ነው፣ መርፌ እንኳ የለውም። ሰው ካልተባበረ ምርምር በምን ያድጋል?

መልስ፦ አንጋፋው
ወንድሜ ታደለ፣ የመርፌው ሕመም በአንድ ቀን ያልፋል፤ በናሙናው የሚሠራው ግን ዓመታት ይከተላል። በምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቅጾችን ስመረምር ኖሬአለሁ፤ እናቲቱ የፈራችው መስመር እኔንም ሁልጊዜ ያስቆመኛል። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የሚኖረው ነባር ሕዝብ፣ ሃቫሱፓይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ደም የሰጠው ስኳር በሽታ ስለበረታበት ነበር። ቅጹ ግን ስለ «ባህርይና ሕክምና ነክ መታወኮች» በጥቅሉ ይናገር ስለነበር፣ ያው ደም ለስኪዞፍሬኒያ (ለከባድ የአእምሮ ሕመም) እና ለሕዝቡ ጥንተ አመጣጥ ጥናት ዋለ። ሕዝቡ በዚህ የተነሣ ያነሣው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2010 በ700,000 ዶላር ካሣና የቀረውን ደም በመመለስ ተቋጨ።

እህቴ፣ ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ልጅሽ ላይ የሚለጠፈው ስም ነው። በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ አዲስ የተወለዱ ወንዶች ተጨማሪ ዋይ ክሮሞሶም (ወንዶች በተለምዶ አንድ ብቻ ያላቸው የዘረ መል ተሸካሚ) እንዳላቸው ይመረመሩ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህ ክሮሞሶም ከወንጀል ጋር ይያያዛል ተብሎ በሰፊው ይወራ ነበር። ውጤቱን የሰማ ወላጅ ሕፃኑ አሻንጉሊት በወረወረ ቁጥር ምን ያስባል? የልጅ ቁጣ እንደ ቁጣ መታየቱ ይቀርና የወንጀለኛነት ምልክት ይሆናል። ተቃውሞው በርትቶ ምርመራው እ.ኤ.አ. በ1975 ቆመ። ተጨማሪ ዋይ ያላቸው አብዛኞቹ ወንዶች እንደማንኛውም ሰው የሚኖሩ መሆናቸው ዛሬ የታወቀ ነው።

መልስ፦ የልጅ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። ታዲያ እምቢ ልበል?

መልስ፦ የላቦራቶሪዋ
እኔም በዚሁ ሙያ ነው የምሠራው። ቁጡነትን ብቻውን የሚወስን አንድ ዘረ መል የለም፤ እጅግ ብዙዎች ናቸው፣ የእያንዳንዳቸውም ድርሻ ኢምንት ነው፤ አስተዳደግም አለበት። ስለዚህ የአንድ ልጅ ውጤት ስለ ነገው አይናገርም። ጥናቱ ግን ይጠቅማል።

መልስ፦ አንጋፋው
እምቢ በይ አላልኩም። ያቺን መስመር ሰርዘሽ መፈረም ትችይ እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ ናሙናው በጠየቅሽ ጊዜ እንዲጠፋ፣ ውጤቱም ለትምህርት ቤት እንዳይደርስ በጽሑፍ ያስገቡልሽ። ይህን ካልፈቀዱ አትፈርሚ። ከፈቀዱም በመጀመሪያ ልጁን ራሱን በሚገባው ቋንቋ ጠይቂው፤ አልፈልግም ካለ አታስገድጂው።