የመኪና መገናኛ ሬዲዮ አንቴና አገጣጠም ላይ እርዳታ እፈልጋለሁ

በምሠራበት ድርጅት የመስክ ላንድ ክሩዘር ላይ ባለ 25 ዋት የቪኤችኤፍ መገናኛ ሬዲዮ እየገጠምኩ ነው፤ ሬዲዮው ጥሩ ቢቀበልም፣ እኔ ስናገር ግን ቅርብ ያለው ጣቢያ እንኳ በቅጡ አይሰማኝም። ጣሪያው እንዳይበሳ ስለታዘዝኩ፣ ለ150 ሜጋ ኸርዝ የሚስማማ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የሩብ ሞገድ አንቴና በፖርቶመጋላው ጠርዝ ላይ በብረት ማቀፊያ አስሬአለሁ። በኤስ ደብሊው አር መለኪያ (ከሬዲዮው ወደ አንቴናው የተላከው ኃይል ምን ያህል ተመልሶ እንደሚመጣ በሚያሳየው) ስለካው ንባቡ ከ3 ለ1 በላይ ነው፤ አንቴናውን ባሳጥረውም እምብዛም አይወርድም። ኬብሉ ባለ 50 ኦም ሲሆን፣ አልተቆረጠም፣ ሾርትም አላደረገም።

የምጠረጥረው ማቀፊያውን ነው። ፖርቶመጋላው ቀለም የተቀባና ከጣሪያው በጎማ የተለየ በመሆኑ፣ በእሱና በመኪናው ቦዲ መካከል መልቲሜትሩ ምንም ግንኙነት አያሳይም፤ የሩብ ሞገድ አንቴና ደግሞ ከሥሩ ሰፊ ብረት ካላገኘ በትክክል አይሠራም። ታዲያ ቀለሙን ፍቄ ከቦዲው ጋር በአጭርና ጠፍጣፋ የመዳብ ሽቦ ባገናኘው ይበቃል ወይስ ከሥሩ ሰፊ ብረት በማይፈልገው በግማሽ ሞገድ አንቴና ብቀይረው ይሻላል? ማግኔት ያለው መቀመጫ ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናው የሚውለው ኮረኮንች መንገድና ቅርንጫፍ በሚገርፈው ጥሻ ውስጥ ስለሆነ ይቆያል ብዬ አላምንም። በተመሳሳይ መኪና ላይ የገጠማችሁ ባለሙያዎች፣ የትኛው ቦታ ላይ እንዳሰራችሁት ብትገልጹልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።