በአሜሪካ ምርጫ የተኳረፉ የሐዋሳ ወዳጆችን ምን ያስታርቃቸዋል?

ጥያቄ፦ አድሚኑ ከአቶቴ

ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን የተማርን ጓደኞች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ አድሚኑ እኔ ነኝ። ግሩፑ የተከፈተው ለአንድ ታማሚ መምህራችን ማሳከሚያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲሆን፣ ዛሬም ለሐዘንም ሆነ ለደስታ የምንጠራራው በእርሱ ነው። ግማሾቻችን እዚሁ ሐዋሳ ነን፤ የቀሩት ሚኒሶታ፣ ቨርጂኒያና ዴንቨር ይኖራሉ። ከእነርሱም አብዛኞቹ ዜግነት ስላገኙ በአሜሪካ ምርጫ ድምፅ ይሰጣሉ።

ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ዶናልድ ትራምፕ ካማላ ሃሪስን በወኪል መራጮች ድምፅ (ፕሬዝዳንቱን የሚወስነው ይህ በየግዛቱ ውጤት የሚሰጠው ድምፅ ነው) 312 ለ226 ሲያሸንፉ፣ ሚኒሶታ ያለው ጓደኛችን የሚያለቅሱ ሰዎችን የሚያሳይ የፌዝ ምስል ለጠፈ። ቨርጂኒያ ያለችው እኅታችን ደግሞ «ለዚህ ሰው ድምፅ የሰጠ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ወዳጄ አይደለም» ብላ መለሰች። እስከዚህ ድረስ የሰሞኑ ግለት ነው ብዬ አልፌው ነበር። ነገሩ የከፋው ትራምፕ ጥር 12 ቀን ሥልጣን በያዙበት ዕለት የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ካዘዙ በኋላ ነው። እዚህ ሐዋሳ በአሜሪካ ገንዘብ በሚካሄድ የጤና ፕሮጀክት የሚሠራ ጓደኛችን ሥራው ቆሞበት ቤት መዋሉን ሲጽፍ፣ የሚኒሶታው ወዳጃችን «የእኔ ግብር የአንተ ደመወዝ መሆን አልነበረበትም» አለው። በዚህ መካከል ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራ የነበረች ሌላ ጓደኛችን ገብታ፣ ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርት አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከሚገባበት ዕድል፣ ሲያስወጡ ዛሬ የሚያለቅሱት የት እንደነበሩ ጠየቀች። ሦስት ሰዎች ግሩፑን ጥለው ወጡ።

ከፋሲካ በኋላ ከመካከላችን የአንዱ ሠርግ እዚሁ ሐዋሳ ስላለ፣ የሚኒሶታውም የቨርጂኒያዋም ይመጣሉ። ፖለቲካን ከግሩፑ ጨርሼ ልከልክል? ደግሞስ «በጨዋነት እንነጋገር» ባልኩ ቁጥር የተሸነፈው ወገን «ጨዋ ሁኑ ማለት ዝም በሉ ማለት ነው» ይለኛል፤ ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል?

መልስ፦ የታሪክ መምህር

ይበልጥ የሳበኝ የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ሽንፈትን መቀበልና ዝም ማለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ከአል ጎር የተሻለ ምሳሌ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ምርጫ ጎር በመላ አገሪቱ ከጆርጅ ቡሽ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የሚበልጥ ድምፅ ቢያገኙም፣ ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ በማጣታቸው ተሸነፉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 12 ቀን ድጋሚ ቆጠራው እንዳይቀጥል ሲወስን፣ ጎር በማግስቱ ለሕዝብ ባደረጉት ንግግር በውሳኔው በብርቱ እንደማይስማሙ፣ ነገር ግን እንደሚቀበሉት ተናገሩ። ሁለቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበሩ፤ ማንም ጎርን ቅሬታህን ዋጠው አላላቸውም። በጃንዋሪ 2001 ደግሞ ምክትል ፕሬዝዳንት እንደመሆናቸው የራሳቸውን ሽንፈት የሚያጸድቀውን የድምፅ ቆጠራ የመሩት እርሳቸው ሲሆኑ፣ የገዛ ፓርቲያቸው እንደራሴዎች የሴናተር ፊርማ የሌለው ተቃውሞ ሲያቀርቡ ሕጉን ጠቅሰው ውድቅ አደረጉባቸው። ካማላ ሃሪስም ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያው ወንበር ተቀምጠው የተፎካካሪያቸውን ድል አውጀዋል። ከሐዋሳ በሞያሌ በኩል የሚወርደውን መንገድ ተከትለን ብንሄድ የምናገኘው ናይሮቢም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ራይላ ኦዲንጋ እ.ኤ.አ. በ2022 የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዊልያም ሩቶን ድል ሲያጸና ያሉት ከጎር ጋር ተመሳሳይ ነበር፤ አልስማማም፣ ግን አከብረዋለሁ።

ለግሩፕዎ ይበልጥ የሚጠቅምዎ ግን የጆን ማኬይን ታሪክ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ፊኒክስ ከተማ ውስጥ ሽንፈታቸውን ሲያምኑ ደጋፊዎቻቸው የባራክ ኦባማ ስም በተነሳ ቁጥር በጩኸት ይቃወሙ ነበር፤ ማኬይን ግን ሕዝቡን ጸጥ አሰኝተው ስለ ኦባማ ድል ታላቅነት፣ በተለይም ለጥቁር አሜሪካውያን ስላለው ትርጉም ተናገሩ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎም በአንድ ስብሰባ ላይ አንዲት ደጋፊያቸው ኦባማን «ዐረብ ነው» ብላ ስትናገር ማይክሮፎኑን ተቀብለው፣ የማይስማሙበት ጨዋ የቤተሰብ ሰው መሆኑን ነግረዋታል። ይህንኑ ኦባማ ራሳቸው ቢናገሩት አንድም ሰው አይሰማቸውም ነበር። ደጋፊን የሚገራው የገዛ ወገኑ እንጂ ባላጋራው አይደለም። እንግዲህ የሚኒሶታውን ወዳጅዎን ማረም ያለበት እርስዎም አይደሉም፣ የቨርጂኒያዋም አይደለችም፤ በግሩፑ ውስጥ ሌላ የትራምፕ ደጋፊ ካለ እርሱ ነው።

መልስ፦ የቀድሞ የስፌት ሠራተኛ

መምህር ስለ ታላላቅ ሰዎች ጻፉ፤ እኔ የምጽፈው በዚያች ፓርክ ውስጥ የስፌት መስመር ኃላፊ ሆኜ እሠራ ስለነበር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ከአጎዋ ስትወጣ ምርታችን አሜሪካ ያለ ቀረጥ መግባቱ ቀረ፤ ለመውጣቷ ምክንያት የሆነውን የሰሜኑን ጦርነት ያላየን፣ ከገጠር መጥተን ለአራት ለአምስት ቤት ተከራይተን የምንኖር ልጆች ነን ሥራ ያጣነው። ያኔ ዋይት ሐውስ የነበሩት ዴሞክራቶች ናቸው። አሁን በሪፐብሊካኖቹ ጊዜ ደግሞ የጤና ፕሮጀክቱ ሠራተኛ ተራው ደረሰው። ስለዚህ አንዱ ወገን ሲያሸንፍ እልል የምልበት፣ ሌላው ሲያሸንፍ የማለቅስበት ምክንያት የለኝም። ያቺ ጓደኛችሁ የጠየቀችው ጥያቄ ግን ስድብ አይደለም፤ መልስ ሳታገኝ ነው የቀረችው። አድሚኑ ጨዋነትን ከመስበካቸው በፊት ሥራ ያጡትን ሁለቱን አስቀድመው ቢያነጋግሩ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ጠበቃው

የመምህርን ምሳሌዎች አከብራለሁ፤ ሆኖም ሁለቱ ወገኖች እኩል እንደበደሉ አድርጎ ማስታረቅ አንድ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ምርጫ ባይደን 306 ለ232 ካሸነፉ በኋላ የትራምፕ ወገን ከ60 በላይ ክሶችን ፍርድ ቤት አቅርቦ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ተረትቷል። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ምክር ቤቱ ተወረረ፤ ትራምፕም በተተኪያቸው በዓለ ሲመት ላይ አልተገኙም። በ2025 ዳግም ሥልጣን በያዙበት ዕለት ደግሞ በዚያ ወረራ ለተከሰሱ 1500 ለሚሆኑ ሰዎች ምሕረት አደረጉ። ይህን የሚያነሳ ሰው ጨዋነት ጎደለው ሊባል አይገባም፤ የሚያነሳው በመዝገብ የሰፈረ ነገር ነው።

በሌላ በኩል ዴሞክራቶቹም ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2017 አንዳንድ የዴሞክራት እንደራሴዎች የትራምፕን ድምፅ ቆጠራ ለመቃወም ሲነሱ፣ ስብሰባውን ይመሩ የነበሩት ምክትል ፕሬዝዳንት ባይደን ነበሩ፤ «አብቅቷል» ብለው በመዶሻቸው ዘጉት። በዚህም የመምህርን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ እንደራሴዎቹን ያስቆመው የራሳቸው ወገን ሰው ነው። ልዩነቱ የመጠን ነው፤ የመጠን ልዩነት ደግሞ በሕግ ዓይን ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቆጠራ ማሻሻያ ሕግ እንኳ አንድ እንደራሴና አንድ ሴናተር ብቻ ተቃውሞ ማስነሳት እንዳይችሉ፣ ከእያንዳንዱ ምክር ቤት አንድ አምስተኛው አባል እንዲፈርም ያስገደደው የሰዎችን መልካም ፈቃድ ብቻ መተማመኛ ማድረግ እንደማይቻል ስለታየ ነው።

ፖለቲካን ጨርሶ መከልከልን አልመክርም። የተከለከለ ክርክር በውስጥ መስመር ሁለት ሁለት ሆኖ ይቀጥላል፤ ያ ደግሞ ሐሜት ነው። በምትኩ አንድ ደንብ ይበቃዎታል፤ ስለ ፖለቲከኛው፣ ስለ ሕጉና ስለ ውጤቱ የፈለገውን መጻፍ ይቻላል፣ ስለ ግሩፑ አባል ማንነት፣ እንጀራና ቤተሰብ ግን አይቻልም። «የእኔ ግብር የአንተ ደመወዝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዚህ ደንብ ውጭ ይወድቃል። የውጭ ዕርዳታ ይቀነስ የሚለው ክርክር ግን፣ ብንወደውም ባንወደውም፣ ከደንቡ ውስጥ ነው።

መልስ፦ የፒያሳዋ እናት

ልጄ፣ እኔ ፖለቲካው ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ በ1997 ዓ.ም. ከአገራችን ምርጫ በኋላ ጎረቤትና ጎረቤት ቡና መጠራራት ሲያቆሙ በዓይኔ ስላየሁ ግን የምታወራው ነገር አይገርመኝም። በእኛ አገር ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት ምክር ቤቶቹ ናቸው እንጂ ሕዝቡ ወጥቶ ድምፅ አይሰጥበትም፤ እና ለሰው አገር ፕሬዝዳንት እንዲህ መቃቃራችሁ ለጊዜው አሳቀኝ፤ በኋላ ግን ሥራ ያጣው ልጅ ትዝ ሲለኝ ሳቄን ተውኩት።

አንድ ነገር ልምከርህ። እርቁን በግሩፑ ላይ አታድርገው። ሰው በሚያየው አደባባይ ይቅርታ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠይቅም ለሰው ዓይን ብሎ ነው። እዚህ የሲዳማ ሽማግሌዎች በአፊኒ ሥርዓት ነገር ሲያዩ ፍርዱ የሚመጣው ሁለቱም ወገን የሆዱን ተናግሮ ከተሰማ በኋላ ነው። አንተም ስልክ ደውል፤ ጽሑፍ አትላክ፤ ድምፅ ውስጥ ሰው አለ። መጀመሪያ የምትደውለው ቤት ለዋለው ልጅ ይሁን፤ የስፌቷ ልጅ ልክ ብላለች። የሚኒሶታውን ስታገኘው ለማን ድምፅ እንደሰጠ አታንሳበት፤ ያ የእርሱ ጉዳይ ነው። የተናገረውን ብቻ አንሳበት።

አስተያየት፦ አድሚኑ ከአቶቴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማማ፣ እንዳሉኝ ትናንት ማታ ለጤና ፕሮጀክቱ ሠራተኛ ደወልኩለት፤ ስለ ምርጫው አንድም ቃል ሳናወራ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራ የነበረችው ጓደኛችንም የጠየቀችውን ጥያቄ ቀና ጥያቄ ብለን እንድንመልስላት ወስኛለሁ። ዴንቨር ያለ አንድ ጓደኛችን ለትራምፕ ድምፅ እንደሰጠ ለእኔ ነግሮኛል፤ በግሩፑ ላይ ግን ዝምተኛ ነው። መምህር፣ ይህን ሰው ምን እንዲያደርግ ልጠይቀው? የፌዙን ምስልስ እንደ አድሚንነቴ ላጥፋው ወይስ ይቆይ?

መልስ፦ የታሪክ መምህር

ምስሉን እርስዎ አያጥፉት። አድሚን ሲያጠፋው ነገሩ ቅጣት ይሆንና የለጠፈው ሰው ተበደልኩ ባይ ይሆናል፤ የለጠፈው ራሱ ቢያነሳው ግን ያለ ብዙ ንግግር ነገሩ ይበርዳል። የዴንቨሩ ወዳጅዎ ለብቻው ደውሎለት «እኔም የመረጥኩት አንተ የመረጥከውን ነው፤ ይህ ምስል ግን እኔንም ያሳፍረኛል» ቢለው በቂ ነው፤ በግሩፑ ላይ ስብከት አያስፈልግም። ለቨርጂኒያዋም እንዲሁ፣ ለሃሪስ ድምፅ ከሰጡት መካከል የምታከብረው አንድ ሰው «ወዳጄ አይደለም» ያለችውን እንድታነሳ ይጠይቃት። ስለ ትራምፕ ያላትን አመለካከት እንድትለውጥ ማንም አይጠይቃት። የጠበቃውን ደንብ ደግሞ ሁለቱ ስልኮች ከተደወሉ በኋላ ይለጥፉት እንጂ ከዚያ በፊት አይለጥፉት፤ አስቀድሞ ከወጣ አንዱ ወገን በእርሱ ላይ የወጣ አዋጅ አድርጎ ያነበዋል።

ሁለቱም እምቢ ካሉ ሠርጉ የሙሽሮቹ ቀን ስለሆነ በዚያ ዕለት እርቅ አይሞክሩ። ከደጋሾቹ ጋር ተነጋግረው ሁለቱን በተለያየ ጠረጴዛ ያስቀምጧቸው፤ ለታማሚው መምህር የሚሰበሰበውን መዋጮ ግን ከሁለቱም እኩል ይጠይቁ።