ሳንዲ ተርንቡል ጀግና ነው ወይስ ጨዋታ ሻጭ?

አወያይ፦ እሺ ቤተሰብ፣ ትናንት በቮይስ ተጀምሮ በስድብ ያለቀውን ክርክር ዛሬ በጽሁፍ እንጨርሰው። ስኮትላንዳዊው የማንቼ (የማንቸስተር ዩናይትድ) አጥቂ ሳንዲ ተርንቡል በ1915 ከሊቨርፑል ጋር የተደረገን ጨዋታ በመሸጥ እድሜ ልክ ታገደ፣ በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጦር ሜዳ ሞተ፣ በ1919 እገዳው ተነሳለት። መነሳቱ ልክ ነው አይደለም? ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ስድብ የለም።

ማንቼ እስከመቃብር፦ ምኑ ያከራክራል ጃል!! በ1908 የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ስንበላ 25 ጎል ያገባው ማነው? የ1909 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ ብሪስቶል ሲቲን 1 ለ 0 ስናሸንፍ ጉልበቱን እያመመው ገብቶ ያገባው ማነው? ሜዳችን ኦልድትራፎርድ በ1910 ሲከፈት የመጀመሪያዋ ጎል የማናት?

አንፊልድ ልጅ፦ ያቺን ጨዋታ ማን 4 ለ 3 እንዳሸነፈ ለምን አትጨምርም 😂

ማንቼ እስከመቃብር፦ ከነገሩ ጦም እደር አንተ፣ ከሰባቱ ከታገዱት አራቱ የናንተ የሊቨርፑል ናቸው

ሰማያዊው፦ ወገን መጀመሪያ የኛ የማንቸስተር ሲቲ ልጅ ነበር፣ የ1904ን ኤፍኤ ካፕ ከኛ ጋር ነው የበላው። በ1906 ክለቡ በሳምንት ከተፈቀደው 4 ፓውንድ በላይ በድብቅ ይከፍላል ተብሎ 17 ተጫዋች ሲቀጣብን ማንቼ እነሜሬዲዝን፣ እነተርንቡልን ለቀም አደረገ። እገዳቸው ባለቀ ቀን፣ ጃንዋሪ 1 1907፣ አስቶን ቪላ ላይ አገባ። ኋላ ደግሞ በደርቢው ሁለት አግብቶብን ከሜዳ ተባረረ፣ በማንቸስተር ደርቢ ሲባረር የመጀመሪያው እሱ ነው 🤣 እና ሰውየው ገና ድሮ ቅጣት የለመደ ነው፣ ምን ይደንቃል

ዝምተኛዋ፦ እሱ እኮ ሌላ ጉዳይ ነው። በችሎታህ ልክ አትከፈልም ተብሎ ጣሪያ የተደረገበት ሰው በድብቅ ሲከፈለው እና ጨዋታ ሲሸጥ አንድ አይደለም። በ1909 የተጫዋቾች ማህበሩን ልቀቁ ሲባሉ እምቢ ካሉት የማንቼ ልጆች አንዱም እሱ ነው፣ ለዛ እኔም አከብረዋለሁ። የ1915ቱን ግን ማድበስበስ አልወድም። የስቅለት ዕለት ነው፣ ማንቼ ሊወርድ ጫፍ ላይ ነው፣ ሊጉም በጦርነቱ ሊቆም እንደሆነ ሁሉም ጠርጥሯል፣ ስለዚህ ከዛ በኋላ ከኳስ ደሞዝ የለም። የሁለቱም ተጫዋቾች ተነጋግረው ማንቼ 2 ለ 0 ያሸንፋል ብለው በ7 ለ 1 ኦድ (1 ላስያዘ 7 ትርፍ) አስያዙ፣ 2 ለ 0 አለቀ። በመሀል የማንቼው ኦኮኔል ፔናሊቲ ወደ ውጪ ሰደደ፣ የሊቨርፑሉ ፓግናም ኳስ አግዳሚውን ስትመታ የራሱ ጓደኞች ተቆጡት። ዛሬ ሰፈር ቤቲንግ ቤት እንዲህ ያለ ትኬት ቢቆረጥ ምን እንደምንል አስቡት።

ማንቼ እስከመቃብር፦ ኧረ ተይ እህቴ፣ ሳንዲ እኮ ያን ቀን አልተሰለፈም!! ባልዋለበት ሜዳ ነው የተቀጣው

ዝምተኛዋ፦ ለመሸጥ መሰለፍ ግድ ነው እንዴ? የማንቼው ዋሊም አልተሰለፈም ግን ታገደ። ከታገዱት ሶስት የማንቼ ልጆች ሜዳ የገባው ኢኖክ ዌስት ብቻ ነው። የሊቨርፑሉ ሼልደን፣ እሱም የድሮ የማንቼ ልጅ ነው፣ ኋላ ራሱ አምኗል።

ጋሽ ታዛቢ፦ ልጆች፣ እኔ የምለው የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። ሰውየው ወታደር ሆኖ ሜይ 3 1917 ፈረንሳይ፣ አራስ የሚባል ከተማ አካባቢ ሸሪሲ የምትባል መንደር ላይ ወደቀ፣ መቃብሩ እንኳ አይታወቅም፣ ስሙ ያለው የመታሰቢያው ግንብ ላይ ነው። ከዛ በኋላ እግዱ ተነሳ ሲባል ለማን ነው የተነሳው?

ማንቼ እስከመቃብር፦ ለስሙ ጋሼ፣ ለልጆቹ

አንፊልድ ልጅ፦ ጋሼ እኔም ተቀናቃኝ ብሆንም ይሄን አልነፍገውም፣ ለሀገሩ ደሙን አፍስሷል በቃ ይቅር ይባል

ዝምተኛዋ፦ ይቅር ይባል ማለትና አልሰራም ማለት ይለያያል ነው የምለው እኮ! በ1919 ያነሱት መርምረው ንጹህ ነው ብለው አይደለም፣ ለጦርነቱ አገልግሎት ተብሎ ነው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ የዌስትን ጉዳይ እዩት። አላደረኩም ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተሸነፈ፣ የሌሎቹ ሲነሳ የእሱ ቀረ፣ የተነሳለት በ1945 ነው፣ ወደ 60 ሲጠጋ። 30 ዓመት!! ያልካደው ተጫወተ፣ የሞተው ተከበረ፣ የካደው ደግሞ የተጫዋችነት እድሜውን ሙሉ ታገደ፣ ይሄ ፍትህ ነው?

ሰማያዊው፦ እና ማንቼ በዛ ጨዋታ ነጥብ ከመውረድ በአንድ ነጥብ አመለጠ፣ ቼልሲን በልጦ 😏 ነጥቡ እኮ አልተቀነሰም። ሰው ታገደ፣ ክለብ ዳነ

አንፊልድ ልጅ፦ ቼልሲም አልወረደም ግን፣ ሊጉ ከጦርነቱ በኋላ ቡድን ሲጨምር ተረፈች

ማንቼ እስከመቃብር፦ እሺ እሺ፣ እኔ እንደ ዝምተኛዋ ሊሆን ይችላል ብዬ ልለፍ፣ ሸጧል እንበል። ያቺ የ1909 ጎል ግን አልተሸጠችም፣ እሷን ማንም አይነካብኝም

አወያይ፦ ድምጽ እንስጥ፦ 1 መነሳቱ ልክ ነው፣ 2 አይደለም

ዝምተኛዋ፦ 3 ጨምር፣ የዌስትም አብሮ በ1919 መነሳት ነበረበት

አወያይ፦ ጨምሬያለሁ