የተማሪዎች ኅብረት ሥራው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጎጃም ውስጥ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሴቶች ዶርም ውኃ ከተቋረጠ ሁለት ሳምንት ሆኖ፣ ጀሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ እየወጣን ነው። የኅብረቱን ተወካዮች ያየናቸው ግን በአዲስ ገቢዎች አቀባበል ዕለት ብቻ ነው። ተግባራቸው በትክክል ምንድን ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ በኅብረቱ የምግብ ጉዳይ ተወካይ ሆኜ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ዋናው ሥራዬ ጎሕ ሳይቀድ ካፌው ግምጃ ቤት ተገኝቶ፣ ለዕለቱ ወጪ የሚሆነውን ዱቄትና ሽሮ ሲመዘን ማየት፣ የጎደለውንም በዚያው ቀን ለተማሪዎች ዲን በደብዳቤ ማሳወቅ ነበር። በቃል የቀረበ አቤቱታ በማግሥቱ ይረሳል፤ ስለዚህ የውኃውን ጉዳይ በዶርም ቁጥርና በቀን ዘርዝራችሁ አስፈርሙ፣ ግልባጩንም ያዙ።

መልስ፦ በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት ለራሳቸው ጥቅም ሳይሆን ለገበሬው ነበር። የዛሬው ተወካይ ለገዛ ዶርሙ እንኳ መናገር ሲፈራና የአስተዳደሩ መልእክተኛ ብቻ ሆኖ ሲቀር ከልብ ያሳዝነኛል።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ፊርማውን ዛሬ ማታ ከየክፍሉ ማሰባሰብ እንጀምራለን።