«ያልተፈቀደ ወጪ» ወይስ «ሳይጠሩት አቤት»?

ጥያቄ፣ ከለገጣፎ

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ሰፈር አንድ ጽሕፈትና ትርጉም ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ የሕግ ተማሪ ስለ እንግሊዝ የምርጫ ሕግ አጭር ጽሑፍ አምጥቶ ወደ አማርኛ መልሺልኝ ብሎኛል። ሕጉ የሚከለክለው የእጩው ወኪል ሳይፈቅድ ሌላ ሰው ለምረጡኝ ቅስቀሳ የሚያወጣውን ገንዘብ ነው። «ያልተፈቀደ ወጪ» ብዬ ጻፍኩት። አለቃዬ አነበቡትና «ጉቦ ማለት ነው?» አሉኝ። አይደለም። ታዲያ ምን ልበለው? ደግሞስ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው አባባል እንዲህ ላለው ሰው ይሆናል?

መልስ፣ ከኮዬ ፈጬ

እህቴ፣ አለቃሽ ጉቦ ቢሉ አይፈረድባቸውም። «ያልተፈቀደ ወጪ» ሲባል ጥፋቱ ገንዘቡ የዋለበት ነገር ላይ ያለ ይመስላል። ድምፅ የተገዛበት፣ ድግስ የተደገሰበት ነገር። ለዚያማ አማርኛ ቃል ሞልቶታል። ጉቦ አለ፣ መማለጃ አለ፣ እጅ መንሻ አለ። ይሄ ሕግ ግን የሚጠይቀው «ማን አወጣው? ማንስ ፈቀደለት?» ብሎ ነው። በገንዘቡ ታትሞ የተበተነው የቅስቀሳ ወረቀት አንድም ውሸት ላይኖርበት ይችላል።

«ፈቃድ» የሚለው ቃልም እኛ ዳር ከተማ ያለን ሰዎች ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር ያመጣል። «ያለ ፈቃድ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጨረቃ ቤት ነው። በአንድ ሌሊት የቆመ፣ የወረዳ ማኅተም ያላየ ቤት። እዚህ ግን ፈቃጁ መንግሥት አይደለም። የእጩው ሰው ነው።

አንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ባለሱቅ አስቢ። አንዱን እጩ ወደደው እንበል። በራሱ ብር ባነር አሳተመ። ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ አስጭኖ ከጠዋት እስከ ማታ አስለፈፈ። እጩው አላዘዘውም፤ ጭራሽ ላያውቀውም ይችላል። ነገሩ እንግሊዝ አገር፣ ለፓርላማ እጩ ቢሆን ኖሮ፣ ከ700 ፓውንድ በላይ ሲያወጣ ከእጩው ወኪል በጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ነበረበት። ካልያዘ ወንጀል ነው። ከያዘ ደግሞ ያወጣው ገንዘብ ከእጩው ወጪ ጋር ይደመራል።

እኔ ይሄን ሕግ እወደዋለሁ። የእጩዎች ወጪ ጣሪያ እዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ አለ። ግን ጣሪያው እጩው ላይ ብቻ ቢቀር ምን ዋጋ አለው? ባለጸጋ ወዳጅ ያለው እጩ የራሱን ኪስ ሳይነካ ከተማውን በባነር ይሸፍነዋል። ከምርጫው በኋላ እከክልኝ ልከክልህ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1918 የሌላውን ሰው ወጪም በሕጉ ያስገቡት ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ስለ አባባሉ ካነሳሽ፣ ለባለሱቁ ልክክ ይላል።

ከቡራዩ

ጋሼ፣ ባለሱቁን በደንብ አሳዩን። አባባሉ ላይ ግን አልስማማም። «ሳይጠሩት አቤት» የሚባለው ለባለሥልጣን ለመታየት የሚሽቀዳደም ሰው ነው። ቃሉ ንቀት አለው። ሕጉ የያዘው ግን እንዲህ ያለውን ሰው ብቻ አይደለም።

ፊሊስ ቦውማንን ውሰዱ። ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወም ማኅበር ትመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992ቱ የእንግሊዝ ምርጫ ማኅበሩ ወደ 1.5 ሚሊዮን በራሪ ወረቀት አሠራጨ። ወረቀቱ የየአካባቢው እጩዎች በጉዳዩ ላይ ያላቸውን አቋም የሚዘረዝር ነበር። በአቋሟ መስማማት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። ለማንም ለማደር ግን አልወጣችም። ያኔ ያለ ፈቃድ ማውጣት የሚቻለው 5 ፓውንድ ብቻ ነበር። አምስት ፓውንድ! ተከሰሰች። መጥሪያው ጊዜው ካለፈ በኋላ በመውጣቱ በነፃ ተለቀቀች። እሷ ግን ስትራስቡርግ ድረስ ሄደች። እዚያ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1998 ገደቡ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነቷን ጥሷል አለ። ያለ ፈቃድ የሚወጣው መጠን መጀመሪያ ወደ 500፣ በኋላም ጋሼ ወዳሉት 700 ያደገው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ያን አባባል ጽሑፉ ውስጥ ብታስገቢው ፍርድ ትሰጫለሽ። ተርጓሚ ደግሞ ፍርድ ሊሰጥ አይገባም።

ሌላም አለ። «ወኪል» ብለሽ ብቻ ከተውሽው አንባቢ ይስታል። እኛ ጋ ምርጫ ሲሆን ወኪል የሚባለው ጣቢያው ውስጥ ተቀምጦ ድምፅ አሰጣጡንና ቆጠራውን የሚከታተለው የፓርቲ ሰው ነው። የእንግሊዙ ግን ለእጩው ወጪ በሕግ ተጠያቂው እሱ ነው። አንድ ቃል ጨምሪበት።

ደግሞ የኛ ሕግ ነው ብሎ የሚሳሳት እንዳይኖር። የኛው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ስለ ገንዘብ ሲያነሳ ለፓርቲ የሚሰጠውን ስጦታ ይቆጣጠራል። ከውጭ ዜጋ፣ ከውጭ መንግሥት፣ ምንጩ ካልታወቀ ሰው መቀበል ክልክል ነው። ያ ጉዳይ ወደ ፓርቲው ካዝና የሚገባው ገንዘብ ነው። የተማሪው ጽሑፍ ደግሞ ካዝናውን ሳይነካ በውጭ ስለሚፈሰው ነው።

ከለገጣፎ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አባባሉን ተውኩት። እንዲህ ጻፍኩት፦ «የእጩው የወጪ ኃላፊ የሆነው ወኪል ሳይፈቅድ ሌላ ሰው እጩው እንዲመረጥ የሚያወጣው ወጪ»። ረዘመ፤ ግን አለቃዬ አንብበው ጉቦ አላሉም።

ከኮዬ ፈጬ

ጥሩ ነው። «በጽሑፍ ሳይፈቅድ» በይው። በቃል «እሺ በርታ» መባባል እዚያ አይሠራም።