የ27 ዓመት የባቡር ሞዴሌን ላፈርስ ነው፤ መጋዙ ግን እምቢ አለኝ

የለገሃር ልጅ (ሽቱትጋርት)

ሰላም ወገኖች። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ የልጅ ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ይምሰል።

ምድር ቤታችን ውስጥ 3 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ80 የሆነ የባቡር ሞዴል አለኝ። በቤታችን ስሙ «ጠረጴዛው» ነው። በፈረንጅ 1998 ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ካርቶን ሙሉ የሜርክሊን (የጀርመኑ የባቡር መጫወቻ ፋብሪካ) ሀዲድ በ80 ማርክ ገዛሁ። ያ የጥንቱ፣ የቆርቆሮው። ከካርቶኑ ሥር ቁጥር 3000 የምትባለው ትንሿ ጥቁር ሎኮሞቲቭ ወጣች። ልጄ ያኔ 6 ዓመቷ ነበር። በዚያው ተለከፍን።

አሁን ከሁለት ወር በኋላ ወደ ጠባብ አፓርታማ እንገባለን። የተፈቀደልኝ አንድ ግድግዳ ነው፤ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር። ጠረጴዛው አይገባም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ታሟል። ምድር ቤቱ እርጥብ ስለሆነ ሀዲዱ ዝጓል። 3000 ዋሻው ውስጥ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። እጄን በዋሻው አፍ አስገብቼ በጣቴ ገፋ ሳደርጋት እንደገና ትነሳለች።

በምትኩ ያሰብኩት የኛን ባቡር ነው፤ የጅቡቲውን። በ9 ዓመቴ ከእናቴ ጋር ከለገሃር ተሳፍረን ድሬዳዋ የሄድንበትን። የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ስለነበር በሞዴሌ ልክ፣ በ1 ለ87 ሲቀነስ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እንዲህ ያለ ሀዲድ ለስዊስ ባቡሮች ተብሎ ይሸጣል። 784 ኪሎ ሜትሩን ለ87 ባካፍለው 9 ኪሎ ሜትር ወጣ። ባለቤቴ ሰማችና «አንድ ግድግዳ ነው ያልኩህ» አለች።

ችግሬ ይሄ ነው። መጋዝ ይዤ ሦስት ጊዜ ወርጄ ሦስቴም ተመለስኩ። ተራራውን የሠራነው ከአዲስ አበባ የሚላክልን በርበሬ ተጠቅልሎ በሚመጣበት አዲስ ዘመን ጋዜጣ ነው። ልጄ ትቀዳለች፣ እኔ ኮላ ውስጥ እነክራለሁ። ከላይ ጀሶ መረግንበት። እንዴት ነው የሚፈርሰው? ምኑን ላስቀር?

አናጢው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ፣ ከመጋዙ በፊት ብሎን መፍቻ ያዝ። የቆርቆሮ ሀዲድ በብሎን ነው የታሰረው፣ ይፈታል። መጀመሪያ ከላይም ከሥርም ፎቶ አንሳ፤ የሽቦውን ነገር ነገ አታስታውሰውም። ተራራውን አትስበረው። ከሥሩ ያለውን ቺፑድ ዙሪያውን ቁረጥና እንዳለ አንሳው። አዲሱን ደግሞ 1 ሜትር ከ20 በሆኑ ሁለት ክፍሎች ሥራና በብሎን አጋጥማቸው። ዳግም ቤት ስትቀይር መጋዝ አያስፈልግህም።

ዙሪክ

ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የድሮው ሰማያዊ የብረት ትራንስፎርመር ካለህ አዲሱ ላይ እንዳታገናኘው። የተሠራው ለ220 ቮልት ነው፣ ዛሬ ግድግዳህ ላይ ያለው 230 ነው። የባቡሩን አቅጣጫ ስታስቀይር የሚለቀው ኃይል የዲጂታሉን ዕቃ ያቃጥልብሃል።

ሁለተኛ፣ 3000 በ12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ላይ አትሄድም። ከእሷ መለየት ካቃተህ በፈረንጅ 2016 የተመረቀውን አዲሱን የጅቡቲ መስመር ሥራ። እሱ እንደ አውሮፓ ሀዲድ 1435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ያለህ ሀዲድ ስፋት ይበቃዋል። ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ መዘርጋት ብቻ ነው።

የለገሃር ልጅ

ዙሪክ፣ ስለ ትራንስፎርመሩ እግዜር ይስጥልኝ፤ ልሰካው ነበር። አዲሱን መስመር ግን ተወኝ። ለቡ ጣቢያ እናቴ አብራኝ አልነበረችም።

ከዚራ

አቦ ጋሼ፣ አንጀቴን በሉት! አባቴ ምድር ባቡር ነው ጡረታ የወጣው። ድሬን አይሞክሩት፤ ወርክሾፑ ብቻውን ግድግዳዎን ይጨርሰዋል። አዋሽን ይሥሩ። ጣቢያው ትንሽ ነው፣ ቡፌው አጠገቡ ነው፣ ቡገንቪሊያው አለ። ከዚያ ገደሉና ድልድዩ። ለረጅምና ቀጭን ቦታ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ደግሞ የስዊሱን ሀዲድ እንዳለ እንዳያስቀምጡት። ሀዲዱ የሚያርፍበት አግዳሚ የኛው ብረት ነበር። ያንን እንጨት መሳይ ፕላስቲክ የዝገት ቀለም ይቀቡት። ፉርጎው ውስጥ ጆንያ ላይ የተቀመጡ ነጋዴ ሴቶች ካልጨመሩ ደግሞ ባቡሩ የኛ አይደለም፣ ወላሂ!

የለገሃር ልጅ

ቅዳሜ ፈረሰ። ልጄ ከበርሊን መጥታ መጋዙን ከእጄ ወሰደችው። እኔ ብርሃን ያዝኩላት። ተራራው 60 በ45 ሆኖ በአንድ ቁራጭ ወጣ። የተቆረጠው ጎኑ ላይ ጀሶው ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፣ ከሥሩ የጋዜጣው ንብርብር። አንዱ ጋ ግማሽ የእግር ኳስ ውጤት ይነበባል፤ ማን እንዳሸነፈ ተቀዷል። 3000ን በላዩ አቁማ በርሊን ወሰደችው። ዋሻው ውስጥ የጠፋ አንድ ፉርጎም አገኘን፤ 2009 ላይ ጎረቤት ወሰደው ብዬ የጠረጠርኩት። ይቅር ይበለኝ።

አዋሽ ሆኗል። ከዚራ፣ አባትህ ዘንድ የጣቢያው የድሮ ፎቶ ካለ ላክልኝ፤ በተለይ ከሀዲዱ በኩል የተነሳ። የቡፌው በር በየት በኩል እንደነበር ጠፍቶብኛል።